የስኮትላንድ ጌሊክ የቦታ ስሞችን ስንመዘግብ የካርታውን አጻጻፍ እናርመው ወይስ እንዳለ እናቆየው?

ሸንተረር፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስኮትላንድ ደጋማ ክፍል ያሉ የተራራ፣ የጅረት፣ የገደልና የሐይቅ ስሞች ከነትርጉማቸው በሰንጠረዥ እየሰፈሩ ነው። መነሻው 1፡25,000 ካርታ ነው። ገና ሃምሳ ስም ሳይሞላ ጣጣው መጣ፤ አንዱ ቦታ ሦስት ዓይነት ስም ይዞ ይቀርባል። በእንግሊዝኛ አፍ ተጣሞ የተጻፈ አለ፣ የዛሬው የጌሊክ (የደጋው ነባር ቋንቋ) አጻጻፍ የሚጠይቀው አለ፣ የአገሬው ሰው የሚጠራው ደግሞ ሌላ ነው። ካርታው «ታይንድረም» የሚለው መንደር በጌሊክ «ታይ አን ድሮማ» ነው፤ የሸንተረሩ ቤት ማለት ነው። ከካርታው ስም ተነስቶ «ቤት» የሚለውን ቃል ማግኘት አይቻልም።

ሰንጠረዡ ውስጥ ዋናው ስም የቱ ይሁን? ካርታው ላይ ስህተት መሆኑ በግልጽ ሲታይስ ይታረም? ለአማርኛ አንባቢ በፊደላችን ስንጽፈውስ የቱን ይዘን ነው? የምታውቁ እርዱን።

የድሮ ካርታ፦
አንዱን ስም በሌላው ላይ አትጻፍበት። ሁሉም ለየብቻው ዓምድ ይኑረው። ካርታው ላይ ያለው ስም የተሳሳተ ቢሆን እንኳ ማስረጃ ነው፤ በዚያ ዓመት አንድ ቀያሽ ምን እንደሰማ ይነግርሃል። ካረምከው ማስረጃውን አጠፋህ ማለት ነው።

የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ራሱ ሥራውን ይመራዋል። በመጀመሪያ የካርታው ስም እንደተጻፈ፣ ከካርታው ቁጥርና ከታተመበት ዓመት ጋር። ቀጥሎ ቀደምት አጻጻፎች፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣ እያንዳንዱ ከነዓመቱና ከነምንጩ። ከዚያ አነጋገሩ። ከዚያ በዛሬው ሥርዓት የተጻፈው ጌሊክ። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ተለያይተው። ትርጉሙ መጨረሻ ላይ፣ ከጎኑ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንክ። ትርጉሙን መጀመሪያ የጻፈ ሰው የቀረውን ሁሉ ከትርጉሙ ጋር እንዲስማማ ሲጎትተው ይውላል፤ በዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው በሽታ ይሄ ነው።

ለቀደምት አጻጻፍ ዋናው ጎተራ የኦርድናንስ ሰርቬይ የስም መዝገቦች ናቸው። ይህ የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት በ1845 እና በ1880 መካከል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ቀያሾች የሰበሰቧቸውን ስሞች በእጅ ጽሑፍ መዝግቧል። መዝገቡ አምስት ዓምድ አለው፦ ለካርታው የተመረጠው ስም፣ ሌሎች አጻጻፎች፣ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ የመሰከረው ሰው፣ ቦታው የሚገኝበት፣ መግለጫ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ዓምድ ገልብጦ ይሄዳል። ሀብቱ ያለው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። እዚያ የተሰረዘ አጻጻፍ ታገኛለህ፤ ብዙ ጊዜ ለአገሬው አነጋገር የሚቀርበው የተሰረዘው ነው።

ለምን ቢባል፣ መሥሪያ ቤቱ ለምስክሮች ደረጃ ነበረው። ባለርስቱ፣ የርስቱ አስተዳዳሪ፣ ቄሱና አስተማሪው ከበግ እረኛውና ከጭሰኛው በላይ ይታመኑ ነበር። ተራራው ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረው ግን እረኛው ነው። ቀያሾቹ ደግሞ አብዛኞቹ ጌሊክ የማይሰሙ ወታደሮች ነበሩ። ስለዚህ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ማን እንደመሰከረ ሳትመዘግብ አጻጻፉን ብቻ አትውሰድ፤ ሥራውንም ጻፍ፦ እረኛ፣ ገበሬ፣ ቄስ።

ከዚያ ወደኋላ ለመሄድ በ1747 እና በ1755 መካከል የተሠራው የሮይ ወታደራዊ ካርታ፣ ከዚያም የ1654ቱ የብላው አትላስ አሉ። ብላው የተመሠረተው ቲሞቲ ፖንት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእጁ በሣላቸው ካርታዎች ላይ ነው፤ የተቀረጸው ግን አምስተርዳም፣ ጌሊክ በማያውቅ ቀራጭ እጅ ነው። «ዩ» እና «ኤን» ተቀያይረው ብታገኝ አትደነቅ። እንደዚያ ያለውን አጻጻፍ ሳታርም ገልብጠህ ጥርጣሬህን ማስታወሻ ዓምድ ላይ አስፍር። የሮይን፣ የብላውንና የፖንትን ካርታዎች የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል።

ላላና ጠባቂ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ድምፁ ነው፤ ብዙ መዝጋቢዎች ይህን ዓምድ ባዶ ይተዉታል።

ጌሊክ እንደተጻፈ አይነበብም፣ እንደተነበበም አይጻፍም። በኬርንጎርም ተራሮች ሰሜናዊ ገጽ ላይ ያለውን የታወቀ ጎድጓዳ ገደል ተመልከቱ። ጽሑፉን ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው «ኮሬ አን ትስኔችዳ» ይላል። ጌሊክ ተናጋሪ ግን «ኮረ አን ትረኽከ» ነው የሚለው። ቲ ከፊት ስትገባ ኤስ ድምፅዋን ታጣለች፤ ቲ እና ኤን ሲጎራበቱ ኤኗ በአፍንጫ የምትወጣ «ር» ትሆናለች። «ክኖክ» ተብሎ የሚጻፈው ኮረብታም በዚሁ ሕግ «ክሮኽክ» ይባላል። ይህን ያላወቀ ሰው «ትረኽከ»ን ሰምቶ የሌለ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈልግ ይከርማል።

ሁለተኛው ወጥመድ በጽሑፍ የሌለች አናባቢ ናት። «ጎርም» ተብሎ የሚጻፈው ቃል ሲነገር «ጎሮም» ነው፤ «ጋርቭ» የተባለው፣ ሻካራ ማለት ነው፣ «ጋራቭ» ይባላል። ከር ወይም ከል ቀጥሎ የተወሰኑ ተነባቢዎች ሲመጡ የፊተኛዋ አናባቢ መሀል ላይ ትደገማለች። የሰማኸውን ጻፍ፣ ግን በአነጋገር ዓምድ ብቻ። ጌሊኩ ዓምድ ላይ ተጨማሪ አናባቢ ካስገባህ ቃሉን ሁለት ቃል ታስመስለዋለህ።

ሦስተኛው፣ የጌሊክ «ብ» «ድ» «ግ» ያለ ጉሮሮ ንዝረት የሚወጡ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ጆሮ «ፕ» «ት» «ክ» ይመስላሉ። የድሮ ካርታ ላይ አንዱ ቦታ አንዴ በቢ አንዴ በፒ ተጽፎ ስታገኝ ስሙ ተቀይሮ ላይሆን ይችላል፤ የሰሚው ጆሮ ነው።

የድምፅ ጫናውንም ምልክት አድርጉበት። በጌሊክ ጥምር ስም ጫናው የሚያርፈው በገላጩ ቃል ላይ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ኋላ የሚመጣው ነው። ኢንቨርኔስ ስትል ጫናው «ኔስ» ላይ ነው፤ የኔስ ወንዝ አፍ ማለት ነውና። ኖርሶች (ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰፋሪዎች) የሰጡት ስም ግን ጫናውን ከፊት ይጥላል፤ ስቶርኖዌይ እንደዚያ ነው፣ መጨረሻው የኖርሱ «የባሕር ሰርጥ» የሚለው ቃል ነው። ትርጉም ሳታውቅ ጫናውን ብቻ ሰምተህ ስሙ የየትኛው ቋንቋ ሥሪት እንደሆነ ግማሹን ታውቃለህ።

ሸንተረር፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ሰዋስው አንድ ጥያቄ አለ። ካርታው ላይ «ቤን ሞር» የተባሉት በጌሊክ «ቤይኝ ቮር» ተብለው ነው የሚሰፍሩት። እዚያው ካርታ ላይ ግን «ቤይኝ ጄሬክ» የሚባል፣ ቀይ ተራራ ማለት ነው፣ ሳይላላ ቀርቷል። በዚያው ሕግ ኤች ጨምረን እናላላው?

ሰዋስው፦
አታላላው! ካርታው ልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራ የሚለው «ቤይኝ» አንስታይ ነው፤ አንስታይ ስም የሚከተለውን ቅጽል ፊደል ያላላል። በጽሑፍ ከፊደሏ ቀጥሎ ኤች ትገባለች፤ በድምፅ «ም» እና «ብ» ወደ «ቭ» ይለወጣሉ። ስለዚህ «ሞር»፣ ትልቅ፣ «ቮር» ይሆናል። («ማላላት» ስል የኛን የላላና የጠበቀ ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ድምፁ ራሱ ይለወጣል።) የድንጋይ ክምር ወይም ድንጋያማ ኮረብታ የሚለው «ካርን» ግን ተባዕታይ ነው፤ «ካርን ሞር» እንዳለ ይቀራል።

«ጄሬክ» ያልላላው የፊተኛው ቃል በ«ን» ወገን ድምፅ አልቆ የኋለኛው በዲ ስለሚጀምር ነው። ሁለቱም ምላስ ጥርስ አካባቢ የሚያርፍባቸው ድምፆች ሲገናኙ ማላላቱ ይታገዳል። ዲ፣ ቲ እና ኤስ ላይ ይሠራል። በተራ ንግግርም አለ፤ ሽማግሌ ለማለት «ሻውን ዱኘ» ይባላል፣ ዲ አትላላም፤ አሮጊት ሲባል ግን ቢ ትላላለች። በሰዋስው መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው «ጄሬክ»ን ሊያርም ይነሣል፣ በጥሩ ልብ። የቆየውን አነጋገር የጠበቀው ካርታው ነው። በአንዳንድ አካባቢ የላላውም ይሰማል፤ የሰማኸውን ነው የምትመዘግበው፣ ይሆናል ያልከውን አይደለም።

ለሰንጠረዡ የሚበቃ ጾታ ልስጥህ። አንስታይ፦ ቤይኝ፣ ክሬክ (አለት)፣ ላሪክ (መተላለፊያ በር)፣ አቪኝ (ወንዝ)፣ ክላኽ (ድንጋይ)። ተባዕታይ፦ ካርን፣ ምያውል (ድቡልቡል ኮረብታ)፣ ስኩር (ሹል አለታማ ጫፍ)፣ ክኖክ፣ አውልት (ጅረት)፣ ሎኽ (ሐይቅ)፣ ግላውን (ጠባብ ሸለቆ)፣ ኮረ፣ ድሪም (ሸንተረር፣ ቃሉ ጀርባ ማለት ነው)፣ ብያለኽ (ይህም በር ነው፣ ጣርማ በር እንደምንለው)። ከመዝገበ ቃላት አረጋግጥ፤ አንዳንድ ቃል ከአውራጃ አውራጃ ጾታ ይለውጣል።

መስተአምሩን (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ከስም ፊት የሚገባውን ቃል) ደግሞ አትዝለለው፣ ትርጉም ይሸከማል። ቤን ሎወርስ ሥር «ሎኻን ናን ካት» የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። «ናን» የብዙ ቁጥር አገናዛቢ ነው፤ ስለዚህ «የድመቶች ሐይቅ» እንጂ «የድመት ሐይቅ» አይደለም። በነጠላ ቢሆን መስተአምሩም ስሙም መልኩን ይለውጥ ነበር። «ናን» ከቢ፣ ከኤፍ፣ ከኤም እና ከፒ በፊት «ናም» ይሆናል። ካርታ ላይ ግን ቀያሹ ስላልሰማው ወይም እንግሊዝኛ አንባቢን እንዳይረብሽ ሲል የጣለው መስተአምር ብዙ ነው፤ የስም መዝገቡ ሁለተኛ ዓምድ ላይ ፈልገው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስም የሚሰማው ብዙ ጊዜ «ወደ»፣ «በ»፣ «ከ» ከሚሉ ቃላት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቃሉ ይታጠፋል። ራስ ወይም ጫፍ የሚለው «ክያውን» ሲታጠፍ «ኪኝ» ይሆናል፤ ካርታ ላይ በ«ኪን» የሚጀምሩት ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ኪንጉሲ የጥድ ደኑ ራስ ነው።

ደጋ ሰው፦
እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ሁሉንም መልክ እናስቀምጥ ስትሉ ተጠቃሚው ምን ይያዝ? የመንገድ ምልክት የሚጽፍ ሰው ሰባት ዓምድ አያነብም። የጌሊክ አጻጻፍ ሥርዓት በ1981 ወጥቷል፣ ከዚያም ተሻሽሏል። ወደ ቀኝ ወደ ላይ የሚሄደው ጭረት ቀርቶ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው ብቻ ይጻፋል ተብሏል፤ ቤት የሚለው የድሮው «ቲግ» በ«ታይግ» ተተክቷል። የቋንቋው ሕግም በ2005 ወጥቷል። ስሞቹን የሚያጣራው «ኤኔመን-አቼ ና ሃላባ» የሚባል ተቋም አለ፣ ስሙም የስኮትላንድ የቦታ ስሞች ማለት ነው። ታዲያ እሱ የወሰነውን መውሰድ አይበቃም?

የድሮ ካርታ፦
ደጋ ሰው፣ ለመንገድ ምልክት ይበቃል፤ በዚህ ላይ ሙግት የለኝም። አራተኛው ዓምድ፣ የዛሬው ጌሊክ፣ ከዚያ ተቋም መዝገብ ይሞላ። ልጆች ትምህርት ቤት ከሚማሩት አጻጻፍ ውጪ ምልክት ላይ መጻፍ አይገባም።

ግን መዝገቡ በዋነኛነት የያዘው መንደርን፣ ከተማን፣ ደሴትን፣ ዋና ዋና ተራራን ነው። የከብት ማገጃው፣ የበጋ ጎጆ የነበረበት ሜዳ፣ አንድ ጅረት ውስጥ ያለች ገንዳ፣ እነዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ማንም አላያቸውም። ተቋሙ ለእነሱ ውሳኔ ላይ የሚደርሰው ከኛ ሰንጠረዥ ተነሥቶ ነው። ማስረጃው ተጠርጎ የተስተካከለው ብቻ ከቀረበለት ምኑን ያጣራል? ተቋሙ ራሱም አንድ ስም ሲወስን የድሮ አጻጻፎችንና የአካባቢውን አነጋገር አገናዝቦ ነው።

ሥርዓቱ የሚያስተካክለው የፊደሉን ልብስ ነው። የአውራጃውን ቃል በሌላ አውራጃ ቃል መተካት ግን ማስተካከል አይባልም።

ደጋ ሰው፦
እሺ፣ ዓምዶቹ ተለይተው ዋናው ስም ምልክት ከተደረገበት ይስማማኛል። ወደ ትርጉሙ እንግባ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የድሮ ካርታ፦
ትርጉም ላይ አራት ደረጃ ተጠቀሙ፦ የተረጋገጠ፣ የሚመስል፣ አከራካሪ፣ ያልታወቀ። «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። ቤን ኔቪስ፣ 1,345 ሜትር፣ የብሪታንያ ትልቁ ተራራ ነው፤ «ኔቪስ» ላይ ብዙ ግምት ተሰንዝሯል፣ አንዱም አልጸናም። «ክፉው» ወይም «ሰማይ የነካው» ብላችሁ በእርግጠኝነት እንዳትጽፉ፤ አከራካሪ በሉት።

ከእንግሊዝኛው መልክ ብቻ ተነሥቶ መተርጎም እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት በ«ኪል» የሚጀምሩትን እዩ። አየርላንድ ውስጥ «ኪል» ቤተ ክርስቲያንም ሊሆን ይችላል፣ ደንም ሊሆን ይችላል፤ በአይሪሽ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ሆነዋል። ኪልዴር «የኦክ ዛፉ ቤተ ክርስቲያን» መሆኑ የታወቀው በቀደምት ጽሑፍ ነው። ቀደምት አጻጻፍ ወይም የአገሬው አነጋገር ከሌለህ ሁለቱንም ጽፈህ «አከራካሪ» በል። መቃብር ወይም የድሮ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ በቦታው ካለ እሱንም አስፍር፤ ማስረጃ ነው።

ሌላው፣ ስም ከቦታ ቦታ ይሰደዳል። ሎክናጋር ዛሬ 1,155 ሜትር የሆነ ተራራ ነው፤ ስሙ ግን «ሎኽ» ብሎ ይጀምራል፣ ሐይቅ ነው። የድምፅ ወይም የጩኸት ሐይቅ የተባለችው ከገደሉ ሥር ያለችው ውሃ ናት፣ ስሟ ወደ ተራራው ወጣ። የተራራው የራሱ ስም «ቤይኝ ናን ኪኻን» ነበር፣ የጡቶች ተራራ። ስለዚህ የስሙን ዓይነት ሁለት ጊዜ መዝግብ፦ ቃሉ ምን እንደሚል (ሐይቅ)፣ ዛሬ የሚጠራው ምን እንደሆነ (ተራራ)። ሁለቱ ካልገጠሙ የስደት ምልክት ነው።

ለጆሮ የሚከብዱ ስሞች ደግሞ በትርጉም ተሸፍነዋል። በኬርንጎርም ያለው «ዴቪልስ ፖይንት»፣ የሰይጣኑ ጫፍ፣ ጌሊኩ «የጋኔኑ ብልት» ነው የሚለው። እንግሊዝኛው ትርጉም ሳይሆን ማለዘቢያ ነው። ቀጥታ ትርጉሙ ትርጉም ዓምድ ላይ ይግባ፤ ያፈረ መዝጋቢ ያለዘበው ስም ከመቶ ዓመት በኋላ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ቀለምን በተመለከተ፣ የጌሊክ ቀለም ከኛ ቀለም ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም። «ጎርም» ሰማያዊ ነው፣ የለመለመ ሣርንም ይጨምራል። «ግላስ» ግራጫና አረንጓዴ መሀል ነው፣ የተራራ ሣር መልክ። «ሩአ» ቀይ-ቡናማ ነው፣ «ጄሬክ» ደማቅ ቀይ። ኬርንጎርም ማለት ሰማያዊው የድንጋይ ኮረብታ ነው፤ እሱ ግን የአንዱ ተራራ ስም ነው። ተራሮቹ ሁሉ በጌሊክ «አም ሞነ ሩአ»፣ ቀያዮቹ ተራሮች፣ ይባላሉ፤ በስፔይ ወንዝ ማዶ ያሉት ደግሞ «አም ሞነ ሊያ»፣ ግራጫዎቹ። እንግሊዝኛው የአንዱን ስም ለሁሉ ሰጥቶ ቀይና ግራጫ ብሎ ያነጻጸረውን አጠፋ። ትርጉም ስትጽፉ የቀለሙን ጌሊክ ቃል አብራችሁ አኑሩ፤ «ሰማያዊ» ብቻ ማለት አይበቃም።

ላላና ጠባቂ፦
ጌሊክ ያልሆነውንም በጌሊክ አትፍቱት። ፒትሎክሪ በ«ፒት» ይጀምራል፤ ይህ በፒክቶች (ከጌሊክ ተናጋሪዎች በፊት በዚያ የነበሩ ሕዝብ) ቋንቋ የመሬት ድርሻ ማለት ነው። ጌሊክ ተናጋሪዎቹ ቃሉን በራሳቸው «ባለ»፣ መንደር፣ ተክተው «ባለ ኽሎኽሪ» ይላሉ። አበርዲን ላይ ያለው «አበር»ም የወንዝ አፍ ማለት ነው፣ ከጌሊክ በፊት የነበረ። ምዕራባዊ ደሴቶች ላይ በ«ቫል» የሚያልቁ ተራሮች የኖርስ ተራራ ናቸው፣ በ«ቦስት» የሚያልቁት የኖርስ እርሻ። ቃላት በምትለያዩበት ዓምድ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቋንቋውን ጻፉ።

ዳታ ቤት፦
ከኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ልናገር፤ የሰዎች ልፋት በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው።

ጭረት ያለባት አናባቢ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት) ሁለት መልክ አላት። አንዱ እንደ አንድ ቁምፊ፣ ሌላው አናባቢና ጭረት ተነጣጥለው። ዓይን ላይ አንድ ናቸው፤ ፍለጋ ላይ ግን ኮምፒውተሩ አይገናኙም ይላል። ሰንጠረዡ ከመቀላቀሉ በፊት ሁሉንም ወደተዋሃደው መልክ አምጡ። መነጠያ ጭረቷም፣ ከመስተአምር ኋላ የምትገባው፣ አንዴ ቀጥ ያለች አንዴ የተቆለመመች ሆና ትገባለች፤ አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ላይ ተኩ። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። የሰንጠረዥ ፕሮግራም በነባሪው ሲከፍተው ጭረት ያለባቸው ፊደላት ሁሉ ትርምስምስ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሳያዩ ካስቀመጡት ያለቀ ነገር ነው። ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ በሌላ ቅጂ ላይ ሥሩ።

ከአየርላንድ መዝገብ ስትገለብጡ ደግሞ ጭረቱ በተቃራኒው ያዘነበለ ነው። አየርላንዱን ወደ ስኮትላንዱ አትለውጡ፤ የቋንቋ ዓምድ ይለያቸው።

የቦታ ቁጥር ላይ፣ የብሪታንያው ፍርግርግ ሁለት ፊደልና አኃዝ ነው። ስድስት አኃዝ 100 ሜትር፣ ስምንት አኃዝ 10 ሜትር ድረስ ያሳያል። ፊደሎቹን መሳሳት 100 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። የኬርንጎርም ጫፍ ኤን-ጄ 005 040 ላይ ነው፤ ከጎኑ ያለው የ«ትረኽከ» ገደል ግን ኤን-ኤች ውስጥ ነው፣ 99 03 አካባቢ። ፊደሉን ከላይኛው መስመር ገልብጦ ወደታች የጎተተ ሰው አንዱን ከባሕር ዳር ያደርሰዋል። ጅረት ከሆነ አንድ ነጥብ አይበቃም፤ ምንጩንና የሚገባበትን ሁለቱንም ጻፉ። ሸለቆ ወይም ተዳፋት ከሆነ መሀሉን ወስዳችሁ «መሀል» በሉ።

የድምፅ ቅጂ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ባልታመቀ ዌቭ ፋይል ይሁን። ማይክሮፎኑ ላይ ጸጉራም የንፋስ መከላከያ አድርጉ፤ ያለሱ «ኽ» እና ንፋስ አይለዩም። ፋይሉ የተናጋሪውን ስም አይያዝ፣ መለያ ቁጥር ይያዝ፤ በሕይወት ያለ ሰው ድምፅ በብሪታንያ ሕግ የግል መረጃ ነው፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ወይም በቅጂው መጀመሪያ ላይ መግባት አለበት።

ላላና ጠባቂ፦
አጠያየቁ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርታውን መጀመሪያ አታሳዩ። ሰው ካርታ ካየ ካርታውን ነው የሚያነብላችሁ። ተራራው ከሚታይበት ቦታ ላይ ሆናችሁ «ያ ማዶ ያለው ምን ይባላል?» በሉ። ስሙን ብቻውን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በአረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ ያሰሙ፤ ለምሳሌ «ከዚያ መጣሁ» ሲሉ። ሲታጠፍ የተደበቀው ጾታና መስተአምር ብቅ ይላል። ትርጉሙን በመጨረሻ ጠይቁና የተናጋሪው ማብራሪያ ብላችሁ ለየብቻ አስፍሩት። የቦታ ተረት ሊሆን ይችላል፣ ለቃሉ ምንጭ ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱም ዋጋ አላቸው።

ተናጋሪ ያልቀረበት አካባቢ ከሆነ «ቶባር አን ዱአልኸሽ» የሚባለውን የድምፅ መዝገብ ፈልጉ። በ1951 በኤድንበርግ የተቋቋመው የስኮትላንድ ጥናት ተቋም የቀዳቸው ብዙ ቅጂዎች እዚያ አሉ፤ ስሙን ያልጠየቃችሁት ሰው ታሪክ ሲያወራ መሀል ላይ ሲጠራው ትሰማላችሁ። ከሁሉ ንጹሑ ማስረጃ እንዲህ ያለው ነው።

ሸንተረር፦
የፊደሉ ጥያቄ ቀርቷል። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ የቱን ይዘን?

ሰዋስው፦
ከጌሊኩ አነጋገር፤ ከእንግሊዝኛው በፍጹም። ራስ ደጀንን በውጭ ካርታ «ራስ ዳሸን» ብለው መልሰው ወደ እኛ ሲያመጡት ምን እንደሚሰማን እናውቃለን፤ የሰው ስም ላይ ያንኑ አንሥራ።

ፊደላችን ከላቲኑ የተሻለ የሚያገለግልበት ቦታ አለ። «ሎኽ» በ«ኽ» ይጻፍ፣ እንደ ትግርኛው ይነበብ፤ «ሎክ» የእንግሊዝኛ አፍ ነው። «ቤይኝ» ላይ «ኝ» ልክክ ይላል። ዲ ከቀጭን አናባቢ («ኢ» እና «ኤ») በፊት «ጅ»፣ ቲ «ች»፣ ኤስ «ሽ» ናቸው፤ ላቲኑ እነዚህን በአናባቢ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚያሳያቸው። ሺሃልየን የተባለው ተራራ፣ 1,083 ሜትር፣ «ሺ ኻልየን» ተብሎ ተለያይቶ ሲጻፍ ሁለት ቃል መሆኑ ወዲያው ይታያል፤ የካሌዶናውያን የመናፍስት ኮረብታ ነው።

የማይበቃን ሁለት ቦታ ነው። ወፍራሙ ዲ-ኤች እና ጂ-ኤች የዓረብኛውን «ጋይን» የሚመስል ድምፅ ነው፤ በ«ግ» ጽፈን ከሥሩ ማስታወሻ እናድርግ። ሌላው ርዝመት ነው። በጌሊክ «ባታ» ረዝሞ ጀልባ፣ አጥሮ ዱላ ነው፤ እኛ ጋ ጥብቀት ሳይጻፍ «አለ» ሁለት ቃል እንደሚሆነው ማለት ነው። ዩኒኮድ ውስጥ ከፊደል በላይ የሚቀመጥ የርዝመት ምልክት አለ፣ ሁሉም ቅርጸ ቁምፊ ግን አያሳየውም። ስለዚህ አነጋገር ዓምድ ላይ ዓለም አቀፉን የድምፅ ምልክት አኑሩ፣ የፊደሉ አጻጻፍ ከእሱ ይውጣ።

ዳታ ቤት፦
አንድ ሙሉ መስመር ለናሙና፦

የካርታ ስም፦ በጌሊክ የተጻፈ፣ ጭረት የለውም፣ ከካርታው ቁጥርና ዓመት ጋር። ቀደምት አጻጻፍ፦ ከስም መዝገቡ ሁለተኛ ዓምድ፣ ከነምስክሩ ሥራ። አነጋገር፦ ኮረ አን ትረኽከ፣ ጫናው «ትረኽ» ላይ፣ ኤኗ በአፍንጫ። የዛሬው ጌሊክ፦ ከተቋሙ መዝገብ። ቃላት፦ ኮረ፣ ተባዕታይ፣ ጌሊክ፣ በመጀመሪያ ትርጉሙ ድስት፤ አን፣ መስተአምር፣ ነጠላ አገናዛቢ፤ ስኔኽክ፣ ተባዕታይ፣ በረዶ፣ በቲ የተጋረደ። የቃሉ ዓይነት፦ ጎድጓዳ ገደል። ዛሬ የሚጠራው፦ ያው። ትርጉም፦ የበረዶው ጎድጓዳ። እርግጠኝነት፦ የተረጋገጠ። ቦታ፦ ኤን-ኤች 99 03፣ መሀል።

ሸንተረር፦
ይሄ ይበቃል። በዚህ ልክ ሃምሳዎቹ እንደገና ይሞላሉ። ተቀይረው የነበሩት ሁለት «ጄሬክ»ዎች ኤቻቸው ወጥቶ ወደነበሩበት ተመልሰዋል።